ከ“ጠልዘው!” በፊት ስሌቱን እንየው

ሮቢት ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት የገባ ሰው አንዲት ቃል ሳይሰማ አይወጣም፦ “ጠልዘው!” በረኛው ኳሷን ለመሀል ተከላካዩ ያቀብላል፣ ተከላካዩ አጥቂ እየሮጠበት መልሶ ለበረኛው ይሰጣል፣ ቤቱ በአንድ ድምፅ ይነሳል። “ጠልዘው እንጂ! ምን ይጫወትባታል!” ኳሷ ከተነጠቀች ስድቡ እስከ ጨዋታው ማለቂያ ይቀጥላል። ካልተነጠቀች ግን፣ ብዙውን ጊዜ እንደሚሆነው ማለት ነው፣ ማንም ምንም አይልም። ሁሉም ቁጭ ብሎ ሻዩን ይጠጣል። ስለዚህ ከኋላ በተጀመረ ኳስ የገባብንን ጎል ሁላችንም እናስታውሳለን። ከኋላ ተጀምሮ ያገባነውን ግን የጨራሹ ስም ብቻ ነው የሚቀርልን።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ኳስን ከኋላ መስርቶ መጫወት የማንቸስተር ሲቲ ፋሽን አይደለም፣ ስሌት ነው። ያውም በተለይ በጉልበትና በቁመት ለሚበለጥ ቡድን የሚጠቅም ስሌት። ስሌቱን ያልተማረ ደጋፊ ደግሞ ዝም ብሎ አላዋቂ ሆኖ አይቀርም፤ የራሱን ቡድን ይጎዳል። እንዴት እንደሚጎዳ ወደ ኋላ ላይ በቁጥር አሳያችኋለሁ።

መነሻው ቀላል ነው። በየወገኑ 11 ሰው አለ። ተጋጣሚያችን በረኛውን ከጎሉ ነቅሎ ስለማያመጣ እኛን ሊጫን የሚችለው ቢበዛ በ10 ሰው ነው። እኛ ግን በረኛችንን በእግሩ ካጫወትነው 11 ነን። ስለዚህ በማንኛውም ሰዓት ሜዳው ላይ አንድ የእኛ ሰው ያለጠባቂ ቆሟል ማለት ነው። የቅብብሉ ሥራ በሙሉ ያንን ሰው ፈልጎ ማግኘት ነው። ተከላካዩ ኳሷን ረግጦ ቆም ሲል ብዙ ጊዜ ፈዝዞ አይደለም፤ አጥቂው እንዲመጣበት እየጠበቀ ነው። አጥቂው ከመጣ ሲጠብቀው የነበረውን ሰው ለቅቆ ነው የሚመጣው። ያ የተለቀቀው ሰው ፊት ለፊት ኳስ መቀበል ባይችል እንኳ በሌላ በሦስተኛ ሰው በኩል ይደርሰዋል፤ አንድ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ክፍት ሜዳ። በረኛው ኳሷን ሲቀበል የሚያስደነግጠን ነገር በትክክል ሲሠራ ተጋጣሚን ከቦታው ማስወጫ ማጥመጃ ነው።

ሕጉም አግዟል። ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ በፊት በረኛው ከጎል ሲጀምር ኳሷ ከቅጣት ምት ክልሉ ሳትወጣ ጓደኛው መንካት አይችልም ነበር። ሕጉ ከተቀየረ ወዲህ ሁለቱ ተከላካዮች ከበረኛው ግራና ቀኝ ክልሉ ውስጥ ቆመው ይቀበላሉ። ተጋጣሚ መጫን ከፈለገ ያን ሁሉ ርቀት መምጣት አለበት፤ ከመጣ ደግሞ ከኋላው የሚተወው ሜዳ ሰፊ ነው።

ነገሩ ለእኔ በደንብ የገባኝ ግን ከእኛ እግር ኳስ አይደለም፣ ከአሜሪካኖቹ ፉትቦል ነው። ልትስቁ ትችላላችሁ። በሌሊት ፓኬጅ ዩቲዩብ ላይ አንድ ማብራሪያ አይቼ ሌላ አስከተለ፣ ከዚያ ሌላ። ስሙ የእግር ኳስ ይባል እንጂ በእጅ ነው የሚጫወቱት፤ መጀመሪያ ላይ የሰው ክምር ብቻ ነበር የሚታየኝ። መሠረቱን ካወቃችሁት ግን ለኢኮኖሚክስ ተማሪ እንደተሠራ ፈተና ነው። ኳስ የያዘው ቡድን 4 ሙከራ ይሰጠዋል፤ በእነዚህ ውስጥ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ወደ ፊት መሄድ አለበት። ከሄደ ሌላ 4 ሙከራ ያገኛል፣ ካልሄደ ኳሷን ያስረክባል። ኳሷን ታቅፎ መሮጥ በአማካይ ከ4 ያርድ ጥቂት የሚበልጥ ያስገኛል። ኳርተርባኩ፣ ኳስ አከፋፋዩ ማለት ነው፣ ወደ ፊት ሲወረውራት ደግሞ ከ6 እስከ 7። ልዩነቱ የሚታይ ነው። ግን የተወረወረች ኳስ መሬት ልትወድቅ ትችላለች፣ ከዚያም የባሰ ተጋጣሚ ሊቀልባት ይችላል። ወደ ፊት መወርወር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው፤ ከዚያ በኋላ እንኳ ለብዙ አሠርት ዓመታት አብዛኛው አሰልጣኝ መሮጥን ነበር የሚመርጠው። ሩጫ ሲከሽፍ አይጮህም። የተቀለበ ውርወራ ግን ስታዲየም ሙሉ ሰው ያየዋል።

እዚህ ላይ ቢል ዋልሽ የሚባል አሰልጣኝ መጣ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲንሲናቲ ውስጥ ሲሠራ የነበረው ኳርተርባክ ክንዱ ጠንካራ ስላልነበር ሩቅ መወርወር አይችልም ነበር። ዋልሽ ያደረገው ምንድነው? ውርወራውን አሳጠረው። ወደ ጎን፣ ወደ ቅርብ፣ ቶሎ ቶሎ፤ ሩጫው ይሠራ የነበረውን ሥራ አጭሯ ቅብብል እንድትሠራው አደረገ። በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በዚህ አጨዋወት በ1980ዎቹ 3 ጊዜ ሱፐር ቦውል በልቷል። እኔን ይበልጥ የሚገርሙኝ ግን ሃል ሙሚና ማይክ ሊች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 አዮዋ ዌስሊያን የምትባል ስሟ የማይታወቅ ትንሽ ኮሌጅ ያዙ። ግዙፍ ልጆች መልምለው ማምጣት አይችሉም፤ እነዚያን ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ወስደዋቸዋል። ስለዚህ ሜዳውን በስፋት ዘረጉት፣ የፊት መስመር ተጫዋቾቻቸውን አራርቀው አቆሙ፣ ጥቂት አጨዋወቶችን ብቻ መርጠው እስኪሰለቻቸው ደጋገሙ፣ ከዚያም ሙሉ ጨዋታ መወርወር ሆነ። ሜዳው ሲሰፋ የጉልበት ዋጋ ይቀንሳል፤ ትልቅ ሰው የሚያሸንፍህ ሲይዝህ ነው። ሊች ኋላ ላይ ቴክሳስ ቴክን ይዞ በ2008 የአገሪቱ 1ኛ የነበረውን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲን 39 ለ 33 አሸንፏል። ዛሬ የሁሉም ሰው ቲክቶክ ላይ ያለው ፓትሪክ ማሆምስም ከዚያው ከቴክሳስ ቴክ የወጣ ነው።

ይህን ሳይ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው የእኛ ቡድን ነበር። በአየር ላይ ኳስ ማንን ነው የምናሸንፈው? በረኛችን ከጠለዘ ኳሷ የምትወርደው በአንድ ጭንቅላት ከሚበልጠን ተከላካይ ግንባር ላይ ነው። ስንጠልዝ ጨዋታውን ወደ ማንችልበት ፈተና ወስደን በገዛ እጃችን እየተቀመጥን ነው።

“ግን ጎል የሚገባው በሁለት በሦስት ቅብብል ነው” የሚል ክርክር አለ። ክርክሩ አሮጌ ነው፣ ባለቤትም አለው። ቻርልስ ሪፕ የሚባል የእንግሊዝ አየር ኃይል የሒሳብ ሠራተኛ ከ1950 ጀምሮ በየስታዲየሙ እየተቀመጠ ቅብብል ይቆጥር ነበር። ከጎሎቹ 80 በመቶ ገደማ የሚመጡት ከ3 ወይም ከዚያ ካነሰ ቅብብል መሆኑን አገኘና ረጅም ኳስ ይሻላል አለ፤ የእንግሊዝ እግር ኳስም ለረጅም ጊዜ ይህን ሰማ። ስህተቱን የመጀመሪያ ዓመት የስታቲስቲክስ ተማሪ ያገኘዋል። ከጎሉ በፊት መጠየቅ ያለበት “ከጠቅላላው ጥቃት ስንቱ ነው ከ3 ቅብብል የማያልፈው?” የሚል ነው። በራሱ በሪፕ ቆጠራ 91 በመቶ ገደማ ናቸው! ከጥቃቶቹ 91 በመቶ ሆነው ከጎሉ 80 በመቶ ብቻ። ከ3 ቅብብል የሚያልፉት ከ10 በመቶ በታች ሆነው ከጎሉ 20 በመቶውን ያመጣሉ። በአንድ ጥቃት ሲሰላ ረጅሙ ቅብብል ከሁለት እጥፍ በላይ ፍሬያማ ነው። በእርግጥ ረጅም ቅብብል የሚችለው ጥሩ ቡድን ስለሆነ ልዩነቱ በሙሉ የቅብብሉ ነው አልልም። የሪፕ ቁጥር ግን ሪፕን አይደግፍም።

አሁን ወደ ገባሁት ቃል ልመለስ። የሚቀጥሉት ቁጥሮች ለማስላት እንዲመቹ የወሰድኳቸው ናቸው፤ ከየትም ሊግ የተቀዱ አይደሉም። ወረቀት ካላችሁ አብራችሁኝ ሥሩ።

በረኛችን 1000 ጊዜ ኳስ ይጀምራል እንበል። ቢጠልዛት 400ው ለእኛ ይደርሳል፣ 600ው ይነጠቃል። ቢያቀብላት 900ው ይተርፋል፣ 100ው ይነጠቃል። ሩቅ የተነጠቀች ኳስ ከ100 አንዷ ጎል ትሆንብናለች፤ ጎላችን አጠገብ የተነጠቀች ግን አደገኛ ናት፣ ከ10 አንዷ ትገባለች። በእኛ እጅ የቀረች ኳስ ደግሞ ከ100 ሁለቷን እናገባለን። ጥለዛው 8 ጎል አስገብቶልን 6 ያስገባብናል፤ ትርፉ 2። ቅብብሉ 18 አስገብቶልን 10 ያስገባብናል፤ ትርፉ 8። ልብ በሉ፣ በቅብብሉ የሚገባብን ጎል ከጥለዛው ይበልጣል። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የሚጮኸው ሰው የሚያየው ነገር ውሸት አይደለም፤ ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው።

ይኸው ስሌት ግን ለሌላኛውም ወገን ይፈርዳል። ከ1000ው የሚተርፈው 900 መሆኑ ቀርቶ 800 ቢሆንስ? 16 እናገባለን፣ 20 ይገባብናል፤ 4 ጎል ኪሳራ። መጠለዝ ይሻላል ማለት ነው። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት 850 ላይ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ክርክር “ውብ ኳስ ወይስ ጥለዛ” አይደለም፤ ይህ ቡድን፣ በዚህ ሜዳ፣ ከዚያ መስመር በላይ ነው ወይስ በታች የሚለው ነው።

የደጋፊው ጥፋት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። የ20 ዓመት ተከላካይ ኳሷ እግሩ ላይ ሆና ሙሉ ስታዲየም “ጠልዘው!” ሲለው እግሩ ይከብደዋል። ቀና ብሎ ክፍቱን ሰው ማየት ያቆማል። 900 የነበረው ልጅ 840 ይሆናል። ያኔ ጩኸታችን ራሱን እውነት አደረገ፤ “አላልኳችሁም?” እንላለን።

እስቲ ይህን ይዘን የ2014 ዓ.ም.ን ብሔራዊ ቡድን እናስታውሰው። ውበቱ አባተ በ2003 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ቡና ጋር የሊግ ዋንጫ ያነሳ፣ በአጭር ቅብብል የሚያምን አሰልጣኝ ነው። ቡና በኋላም በካሳዬ አራጌ ጊዜ በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. 29 ጎል አግብቶ የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ጎል ክብረ ወሰን የሰበረው በዚያ ቡድን ውስጥ ነው። (የዚያን ዓመት ዋንጫ ፋሲል ከነማ ወሰደው፣ ቡና 2ኛ ወጣ። የፋሲል ደጋፊዎች ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ አይለቁኝም።) ውበቱ ይህን እምነት ይዞ ዋልያዎቹን ካሜሩን ወሰዳቸው። ጥር 1 ቀን በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0 ተሸነፍን፤ ያሬድ ባየህ በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጥቶ ማለት ነው። ጥር 5 ቀን ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ ካሜሩን ላይ አገባና አገሩ ሁሉ ዘለለ፤ መጨረሻው 4 ለ 1 ሆነ። ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1፣ ጎሉ የጌታነህ ከበደ ፍጹም ቅጣት ምት ነበር። ከምድባችን የመጨረሻ ሆነን ወጣን። ፌስቡክ ላይ የተጻፈውን አልደግመውም።

ከዚያስ? ከ5 ወር በኋላ ያው አሰልጣኝ፣ ያው አስተሳሰብ። ግንቦት መጨረሻ ላይ በማላዊ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በአራተኛው ቀን፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ። “በሜዳችን” የተባለው ጨዋታ እንኳ ማላዊ ውስጥ የሆነው የአገራችን ስታዲየሞች የካፍን መስፈርት ስላላሟሉ ነው። ሳላህ አልነበረም፤ እውነት ነው። ግን ግብፅ ያለ ሳላህም ግብፅ ናት፣ አሰልጣኟም ከቀናት በኋላ ተሰናብቷል። በማላዊው ቀን “ይህ ቅብብል ይቅርብን” ያለ ሰው በግብፁ ቀን “ባርሴሎና ሆንን” ብሎ ለጠፈ። በ4 ቀን ውስጥ የቡድኑ እውቀት አልተለወጠም፤ ውጤቱ ነው የተለወጠው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በጊኒ በተከታታይ ሁለቴ ከተሸነፍን በኋላ ውበቱና ፌዴሬሽኑ ተለያዩ።

ውበቱ ሁሉን ልክ ሠርቷል እያልኩ አይደለም። ምናልባት ለአህጉር ደረጃ ያ ቡድን ከ850 በታች ነበር፤ ያ ክርክር ቢካሄድ ደስ ይለኝ ነበር። የተካሄደው ግን ያ አይደለም። ማንም አልቆጠረም፤ በየጨዋታው የውጤት ሰሌዳ እያየን ነው የአጨዋወት ፍልስፍና ስናጸድቅና ስንሽር የከረምነው።

አሰልጣኞች ራሳቸው ለምን ስሌቱን አይከተሉም ለሚለው ጥያቄ፣ ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ በማክሮ መጽሐፉ የምታውቁት ዴቪድ ሮመር አንድ ጽሑፍ አለው፤ በ2006 በታወቀ የኢኮኖሚክስ ጆርናል ወጥቷል። የአሜሪካ ፉትቦል 4ኛ ሙከራን ነው ያጠናው። እዚያ ላይ ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ ኳሷን በእግር መትተው ያርቃሉ፤ በእኛ ቋንቋ ይጠልዛሉ! ሮመር ሲያሰላው መሞከር የሚሻልባቸው ቦታዎች በጣም ብዙ ሆነው ተገኙ፤ አሰልጣኞቹ ግን ይጠልዛሉ። የእኔ ንባብ እንዲህ ነው፦ ጠልዞ የተሸነፈ አሰልጣኝን ማንም አይጠይቀውም፣ ሞክሮ የተሸነፈ ግን በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ነው። አሰልጣኙ የሚያሰላው የቡድኑን ጎል ብቻ አይደለም፣ የራሱን እንጀራም ነው። የእንጀራውን ዋጋ የምንተምነው ደግሞ እኛ ነን።

የሚገርመው ነገር፣ ይህንን ስሌት ልጆቻችን ያውቁታል። ቤቲንግ ቤት በር ላይ ያለውን ልጅ ጠይቁት፤ ኦድ 1.30 እና ኦድ 4 ምን ማለት እንደሆነ ያለ ካልኩሌተር ይነግራችኋል። ጥሩ ግምት ሊቃጠል፣ መጥፎ ግምት ሊበላ እንደሚችል በኪሱ ተምሯል። (ቤቱ ሁልጊዜ ኦዱን ለራሱ ትርፍ ቀንሶ እንደሚያስቀምጥ ግን የተማረ አይመስለኝም፤ ያ ሌላ ቀን ይጻፋል።) ይኸው ልጅ ተከላካይ ላይ ሲፈርድ ዕድል የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም።

የሮቢት ጉዳይ ደግሞ የራሱ መልክ አለው። ከቆቦ ወደ ወልድያ የሚሄደው አስፋልት ዳርና ዳር ያለው አገር ለጥ ያለ ነው፤ ሰው ሲያየው ለኳስ የተፈጠረ ይመስለዋል። መሬቱ ግን ዋልካ ነው። ማሽላው ከተነሳ በኋላ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ኳሷ ስንጥቅ ላይ ስትደርስ ወደፈለገችበት ነው የምትሄደው፣ ንፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ አይነሳ። እዚያ ሜዳ ላይ ቴሌቪዥን ላይ ያየውን ለመድገም በረኛውን በእግሩ የሚያጫውት የሠፈር አሰልጣኝ ካለ፣ በስሌቱ መሠረት ተሳስቷል። 800 እንኳ አይደርስም። ጥለዛ እዚህ አላዋቂነት አይደለም፣ ሜዳው ያስተማረው ብልሃት ነው። ችግሩ ልጁ ጎበዝ ሆኖ ወደ ደህና ሜዳ ሲሄድ ነው፤ 17 ዓመት ሙሉ ኳሷን ሲያርቅ ኖሮ በአንድ የዝግጅት ወር ቀና ብሎ አቀብል ይባላል። ብሔራዊ ቡድኑ ላይ የምንጮኸው የብዙ ሠፈር ሜዳ ድምር ላይ ነው።

ስለዚህ ሙሉ ሜዳ ማስተካከል ባንችል እንኳ ጥግ ላይ 20 በ20 እርምጃ የምትሆን ቦታ ስንጥቋን ደፍኖ፣ ጠጠሯን ለቅሞ ማስተካከል የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ልጆቹ ክብ ሠርተው ሁለቱን መሃል አስገብተው በአንድ ንክኪ እንዲቀባበሉባት። ጨዋታ ቀን ትልቁ ሜዳ ላይ ይጠልዙ፤ ማክሰኞና ሐሙስ እዚያች ጥግ ላይ ቀና ማለትን ይልመዱ።

ለእኛ ለተመልካቾቹ ደግሞ መቁጠር አለልን። በሚቀጥለው ጨዋታ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ክፈቱና በረኛው በአጭሩ የጀመራቸውን ኳሶች ብቻ መዝግቡ፤ መሃል ሜዳ አልፎ በእኛ እጅ ከቀረ አንድ ምልክት፣ ከተነጠቀ ሌላ ምልክት። አንድ ጨዋታ አይበቃም፣ አራት አምስት ጨዋታ ያስፈልጋል። ከ20ው 17 ካለፈ በእኔ ስሌት መስመሩ ላይ ናቸው፣ 18 ከሆነ ይቀጥሉበት፣ 15 ከሆነ አብሬያችሁ እጮኻለሁ። ቆጥራችሁ የደረሳችሁበትን ላኩልኝ፤ የዋልያዎቹንና የፕሪሚየር ሊጉን ብቻ ሳይሆን የሠፈር ውድድሩንም፣ የሜዳውን ዓይነት ጽፋችሁ።